ስልኬ በ15 ወር ውስጥ ከልቤ ወጣ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእሱ?

ባለሲንጀሩ፣ ደሴ

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ጀበናው እስኪንተከተክ ድረስ ጊዜ ያለው ሰው ያንብብልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ሰኞ ገበያ አጠገብ ናት፤ የስፌት መኪናዬና የመተኮሻ ጠረጴዛዬ ከገቡባት በኋላ ለአንድ ደንበኛ መቆሚያ ብቻ የምትተርፍ ክፍል። አብዛኛው ሥራዬ የተማሪዎች ዩኒፎርም ነው፤ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ከሰማያዊ ጨርቅ በቀር ሌላ ቀለም አላይም። ስልኩን የገዛሁት በጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ የዩኒፎርሙ ሥራ ጋብ ሲል፣ ዕቁቡ ወጣልኝና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የስልክ ዋጋ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ ነበር። ቅዳሜ የጠየቅሁትን ስልክ ሰኞ ስመለስ 1,500 ብር ጨምሮ ጠበቀኝ። እስከ ሐሙስ ብቆይ ምን ሊሆን ነው ብዬ በ28,500 ብር ወሰድኩት። 128 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ባለ 5,000 ባትሪ፣ ባለ 50 ሜጋፒክስል ካሜራ። የሠራውን ኩባንያ ስም አልጠራም፤ ጠብ ፍለጋ አልመጣሁም።

እንዴት እንደወደድኩት ልንገራችሁ፤ እሱን ካልነገርኳችሁ መጥላቴ አይገባችሁም። ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ የመጣውን ስስ ላስቲክ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልላጥኩትም። ከሰል ነክቼ ከሆነ ስልኩ ቢጮህ እንኳ እጄን ሳልታጠብ አላነሳውም ነበር፤ በዚህ ጠባዬ ሁለት ደንበኞች አምልጠውኛል። ካርቶኑ ከነወረቀቱ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ለአንድ ሙሽራ ካባ ከሰፋሁት የተረፈ ቀይ ከፋይ ነበረኝ፤ በእሱ ከረጢት ሰፋሁለት። ውጩም ከፋይ፣ ውስጡም ከፋይ፣ አፉ ላይ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ። ባለቤቴ አየችና «የእኔ ቀሚስ ከፋሲካ ጀምሮ ተቆርጦ ተቀምጧል፤ ስልኩ ግን በሁለት ቀን ለበሰ» አለችኝ። ተሳሳቅን። እሷ ከልቧ እንዳልሳቀች የገባኝ በኋላ ነው።

አሁን 15 ወር ሆነው። ገመዱን ስሰካው አይዝም። ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጌ፣ ከሥሩ የክር ጥቅል አስደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው ቻርጅ የሚጀምረው። ማታ የሰካሁትን ጠዋት 40 በመቶ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ይላል። ይግላል። ገንዘብ በስልክ የከፈለ ደንበኛ መልእክቱ እስኪከፈት ፊት ለፊቴ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ፤ አላመነኝም ብሎ የሚቀየምም አለ።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አንዲት እናት ከጢጣ መጡ። የድሮ ቀሚሳቸውን አንገት አምጥተው ልክ እንደዚህ አድርገህ ስፋልኝ አሉኝ፤ ቀሚሱን ግን ትተውት መሄድ አይፈልጉም። ፎቶ ላነሳ ካሜራውን ነካሁት፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ማከማቻው ሞልቷል አለኝ። አንድ ነገር ልሰርዝ ብዬ ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣው የልጄ ፎቶ ነው፤ የፊት ጥርሷ በወለቀ ቀን የተነሳችው። ጣቴ በላዩ ላይ ቀረ። እናትየዋ «ተወው ልጄ፣ በእጅህ ሳለው» አሉኝ። የጨርቅ ማስመሪያ ሳሙናዬን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ሳልኩት። ከአንገቱ ዙሪያ ያለውን ጥልፍ ሳይቀር። እሳቸው እየተደነቁ ሄዱ፤ እኔ ስልኩን ልወረውረው ትንሽ ነው የቀረኝ።

አባቴ የተወልኝ ሲንጀር መኪና ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ቅዳሜ ማታ ሁለት ጠብታ ዘይት፣ ቺንጋው ሲላላ አንድ ጊዜ ቆረጥ አድርጎ ማሰር፣ በቃ። ተጨማሪ ቦታ ስጠኝ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ከፍቶ ራሱን ሊያሻሽል ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህ ስልክ ግን በየቀኑ የሚለምነኝ ነገር አያጣም።

እና ጥያቄዬ፦ ላሠራው፣ ልሽጠው ወይስ ልቻለው? ደግሞስ ኩባንያዎቹ ሆን ብለው ነው የሚያስረጁት የሚባለው እውነት ነው? ወይስ አዲስ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፣ እኔ ነኝ የማይገባኝ?


ወልድዬው፣ አሁን አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ስልክ ዕቃ ነው። ለዕቃ ከፋይ የሚያለብስ ሰው በኋላ ማልቀሱ አይቀርም። እኔ በየዓመቱ ገና ሳይጫጫር ሸጬ ትንሽ ጨምሬ እቀይራለሁ፤ ልብ ሳይሰበር። ሆን ብለው ማስረጀታቸውንም አትጠራጠር፤ አፕል ራሱ ተይዞ አምኗል እኮ። የአንተ አሁን ዋጋ አያወጣም። ሆኖም ካርቶኑ ካለ ትንሽ ይሻላል፤ እሱን በማስቀመጥህ ጎበዝ ነህ።


የኮምቦልቻው ጠጋኝ

አብሽር ወንድሜ፣ ገና አልሞተም። በርበሬ ወንዝ ሰፈር ስልክ እጠግናለሁ፤ የአንተን ዓይነት ታሪክ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። ከፋይ የሰፋለት ግን የመጀመሪያው አንተ ነህ።

በመጀመሪያ የወልድዬውን ነገር ላቃና። የአፕል ነገር ግማሹ እውነት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2017 ኩባንያው ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ። ምክንያቴ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ። ሰውን ያስቆጣው ሳይናገር ማድረጉ ነው። ይቅርታ ጠየቀና ዋስትናቸው ያለፈ ስልኮችን ባትሪ መለወጫ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። ባትሪውን የለወጠ ሰው ስልኩ ወደ ፍጥነቱ ተመለሰለት። ከዚህ ታሪክ እኔ የምይዘው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ዘገየ የተባለ ስልክ ብዙ ጊዜ ያረጀው ባትሪው ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንተ። እነዚህን መልስልኝ፦ ስልኩ ቀን ቀን የት ነው የሚቀመጠው? ገመዱን ስትሰካው እስከ መጨረሻው ይገባል ወይስ ትንሽ ብረት ውጭ ይቀራል? ቴሌግራም ትጠቀማለህ? ከመለስክልኝ በኋላ እንነጋገር። እስከዚያው ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ፦ የቻርጀሩን ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነካካ! ልብስ ሰፊ ስለሆንክ እጅህ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መርፌ መሆኑን አውቃለሁ።


ባለሲንጀሩ፣ ደሴ

አላህ ይስጥህ። ስለ መርፌው ዘግይተሃል፤ ባለፈው ወር አንዴ ነካክቼዋለሁ። በስሱ ነው።

ስልኩ ቀን ቀን የመተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሶኬቱ ያለው እዚያ ነው። ካውያዬ የከሰል ናት፤ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ሥራ እንዳይቆም ብዬ አልተውኳትም። ማታ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት ትታያለች። እኔ ስልኩ እንደዚያ ሆኖ የተሠራ መስሎኝ ነበር። ቴሌግራም ደግሞ እንዴታ፤ የዲዛይን ቻናሎች፣ የሰፈር ዕድር፣ የዕቁብ፣ የዘመድ፣ ሁሉም እዚያ ነው።


የኮምቦልቻው ጠጋኝ

ነገሩ ተገኘ ማለት ይቻላል። ሦስት በሽታ ነው ያለብህ፤ ሦስቱንም በአንድ ላይ «ስልኩ አረጀ» ብለህ ጠቅልለህ ጠላኸው።

ትልቁ ጠረጴዛው ነው። የሊቲየም ባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። የደሴ ሰዎች ብርዱ ባትሪ ገደለብን እያሉ ወደ እኔ ይወርዳሉ። ብርድ ባትሪን ለጊዜው ያደክመዋል እንጂ ሲሞቅ ይመለሳል፤ ሙቀት የወሰደውን ግን የሚመልስ የለም። በተለይ ሞልቶ ሳለ እዚያው ሙቀት ላይ ተሰክቶ ሲውል። በአብዛኛው የሚነገረው ስሌት እንዲህ ነው፦ ባትሪ ወደ 500 ጊዜ ያህል ከባዶ እስከ ሙሉ ከተሞላ በኋላ ከመጀመሪያው አቅሙ 80 በመቶ ያህሉ ይቀረዋል። ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ብትሞላው እንደ አንድ ይቆጠራል። 15 ወር ማለት 450 ቀን ገደማ ነው፤ በቀን አንዴ ብትለው አንተ 450 አካባቢ ደርሰሃል። በደህና ቦታ ቢቀመጥ እንኳ ድካሙ የሚጀምርበት ጊዜ ነው፤ ያንተ ደግሞ ካውያ ሥር ነው የኖረው። 30 በመቶ እያለ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ያረጀ ባትሪ ከባድ ሥራ ሲመጣበት፣ ለምሳሌ ካሜራ ሲከፈት፣ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ቁጥሩ ግን ገና አለሁ ይላል።

ይህን የሚያውቁ አገሮች ሕግ አውጥተውበታል። በአውሮፓ ኅብረት በእነሱ አቆጣጠር ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶም ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን መያዝ አለበት፤ መለዋወጫም ለዓመታት እንዲገኝ ይገደዳሉ። እኛ ጋ የሚመጣው ስልክ ይህን ያሟላ ይሁን አይሁን ሳጥኑን ስትገዛ የሚነግርህ የለም፤ እኔ የምፈርደው ከፍቼ ሳየው ነው።

ሁለተኛው ማከማቻው ነው። ይህን አንተ ከማንም በላይ ይገባሃል። የመቁረጫ ጠረጴዛህ ላይ እስከ ጠርዙ ጨርቅ ቢከመርበት አንድ ሱሪ ለመቁረጥ ስንቱን ታነሳለህ፣ ስንቱን ትመልሳለህ? የስልክ ማከማቻም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ነገር ለመጻፍ አሮጌውን ማንሳትና ማስተካከል አለበት፤ ባዶ ቦታ ሲያጣ ይዘገያል። የልጅህን ፎቶ ግን አትንካ! ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ ግባ፣ ስለ ዳታና ማከማቻ የሚለውን ክፈት፣ እዚያ ስንት ጊጋባይት እንደያዘብህ ያሳይሃል። አጽዳ በለው። ከቻናሎቹ የወረዱት ቪዲዮዎችና ሥዕሎች ከስልክህ ይጠፋሉ እንጂ ከቴሌግራም አይጠፉም፤ ስትፈልጋቸው እንደገና ይወርዳሉ። ከዚያ በራሱ እንዲያወርድ የተፈቀደለትን ዝጋው። ቢያንስ ከአሥር አንድ እጁ ሁልጊዜ ባዶ ይሁን።

ሦስተኛው ቀዳዳው ነው። ብረቱ ውጭ ከቀረ ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት አይሞላም ከተባሉ ስልኮች ብዙዎቹ ምንም አልተበላሹም፤ ቀዳዳቸው በብናኝ ተጠቅጥቋል። ገመዱን በሰካህ ቁጥር ብናኙን ትጠቀጥቀዋለህ፤ ቆይቶ እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ይጠነክራል። የአንተው ሰማያዊ እንደሚሆን ከአሁኑ እወራረዳለሁ፤ የዩኒፎርም ጨርቅ ነው። ስልኩን አጥፋው። የእንጨት የጥርስ መፈልፈያ ጫፉን ትንሽ አሳስተህ፣ በግድግዳው በኩል፣ ቀስ ብለህ አውጣ። መሃል ላይ ያለችውን ምላስ አትጫናት። አትንፋበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ውሃ፣ ነዳጅ፣ ሽቶ የሚባል ነገር እንዳታስጠጋ። ምላሷ በሁለቱም በኩል እስክትታይህ ድረስ አልጨረስክም።

ከዚህ በኋላ ባትሪ መለወጥ ካስፈለገ ለውጠው፤ አዲስ ስልክ ከመግዛት በብዙ ይቀላል። አብጦ ጀርባውን የገፋ ከሆነ ግን ዛሬውኑ መጠቀሙን አቁም፤ ያ ቀልድ አይደለም።


የሆጤው ልጅ

ጋሼ፣ ሁሉንም አጥፍተው ከፋብሪካ እንደወጣ ቢመልሱት እኮ እንደ አዲስ ይሆንልዎታል። እኔ በየስድስት ወሩ እንዲያ ነው የማደርገው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።


የኮምቦልቻው ጠጋኝ

ወንድም፣ እንዲህ ብለህ የመከርከው ሰው የልጁ ፎቶና የደንበኞቹ ልኬት የት እንዳለ መጀመሪያ ጠይቅ። እኔ ጋ መጥተው «የሞቱት አባቴ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበር» ብለው የሚያለቅሱት እንዲህ ዓይነት ምክር የሰሙ ናቸው። ሌላ ቦታ ሳይገለበጥ አይነካም።


መምህርት፣ ከሐይቅ

ባለሙያው የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ የምመልሰው የመጨረሻውን ጥያቄዎን ነው፤ አዲስ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው ወይ ላሉት።

የእኔን ስልክ ወንድሜ ነው የላከልኝ፤ ከጂዳ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ወደ ሐይቁ ዳር እወርድ ነበር፤ ጉሙ ከውሃው ላይ ሳይነሳ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲገፉ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች በጭላንጭል ሲታዩ ፎቶ ለማንሳት። ከዚያ በፊት እዚያው ከተማ 11 ዓመት ኖሬ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁን አይቼው አላውቅም ነበር። ስልኩን የወደድኩት ለዚያ ነው።

አሁን እሱ ስልክ ምንም አልሆነም። ባትሪውም ደህና ነው። እኔ ግን ሲጮህ ሆዴ ይቆረጣል። ለምን ብዬ አንድ ቀን የመጡልኝን መልእክቶች ቆጠርኩ፤ ከ60 በላይ ነበሩ፤ ስብሰባ፣ ሪፖርት አስገቢ፣ መዋጮ፣ ሰው አረፈ፣ ደግሞ ሪፖርት። ከሐይቁ የመጣ አንድም የለም። ስልኩ በር ነው እንበል፤ በሩን ጠላሁት እንጂ በበሩ የሚገቡት ናቸው ያስመረሩኝ። ከዚያ ወዲህ የሥራውን ቡድን ድምፁን ዘግቼ ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻ አየዋለሁ። ወደ ሐይቁ መውረዱን ግን አልመለስኩበትም፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው እላለሁ፤ ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ድፍረት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ዕቁቡ ወጣልኝ ብለዋል። ዕቁቡን ሲጥሉ የነበረው ለስልክ ነበር?


ባለሲንጀሩ፣ ደሴ

እህቴ መምህርት፣ ሰው እንደሚያነበኝ ሳልዘጋጅ ነበር የጻፍኩት።

አልነበረም። ዕቁቡ ለኦቨርሎክ መኪና ነበር። ለማያውቅ ሰው፦ የጨርቁን ጠርዝ እየቆረጠ እንዳይተረተር በክር የሚጠመጥም መኪና ነው። እኔ የለኝም። ስለዚህ ማታ ማታ የሰፋሁትን ሱሪና ጃኬት በፌስታል አንጠልጥዬ ሁለት ሱቅ አልፎ ወዳለው ጎረቤቴ እሄዳለሁ፤ ለአንዱ 20 ብር ይቀበለኛል። በዩኒፎርም ሰሞን በቀን 15 እና 20 ልብስ ይኖረኛል፤ ማስላቱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ እኔ አስልቼው አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዕጣው የወጣ ዕለት በኪሴ ይዤው ወደ መኪና ሻጩ ነበር የምሄደው። መንገድ ላይ ያ ስልክ በመስታወት ውስጥ ቆሞ አየሁት። ለራሴ የነገርኩት ሰበብ ሁሉ ነበረኝ፤ ዲዛይን አያለሁ፣ ደንበኛ በስልክ ያገኘኛል፣ ክፍያ በስልክ ሆኗል። ውሸት አልነበረም፤ ደንበኛም አምጥቶልኛል፤ ከጢጣ የመጡት እናት ራሳቸው ሥራዬን ያዩት የልጃቸው ልጅ ስልክ ላይ ነው። ግን የሄድኩት ለመኪና ነበር። በዘገየብኝ ቁጥር የሚታየኝ ኦቨርሎኩ ነው። ደህና ሆኖ ሳለም ይታየኝ ነበር፤ ስልኩ ፈጣን እያለ ግን ቶሎ ያልፋል።

ለባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እሷ ግን የዕቁቡን ደብተር የምትይዘው ራሷ ናት፤ እንዴት አታውቅም?


ወልድዬው፣ አሁን አዲስ አበባ

አሁን ሌላ ሰው ሆነህ መጣህብኝ። ሽጠው ያልኩትን አንስቻለሁ። ባትሪውን ለውጠውና ቀጣዩን ዕቁብ በባለቤትህ ስም ጣለው፤ ብሩን እሷ ተቀብላ እሷው መኪናውን ትግዛ። አንተ በዚያ መስታወት በኩል አትለፍ።


የኮምቦልቻው ጠጋኝ

ይህንስ እኔም አልጠግነውም። ቀዳዳውን ግን ዛሬ አጽዳና ውጤቱን ንገረኝ፤ ውርርዴን አልረሳሁም።


ባለሲንጀሩ፣ ደሴ

ውጤቱን ላሳውቃችሁ።

ከቴሌግራም ጀመርኩ። 41 ጊጋባይት ይዞ ነበር። አርባ አንድ! አብዛኛው ከፍቼ እንኳ ያላየሁት የሰርግ ልብስ ቪዲዮ ነው። አጸዳሁት። ካሜራው አሁን ሦስት እስክቆጥር ይከፈታል። ስልኩን ከመተኮሻው ጠረጴዛ አንስቼ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ በፌስታል ሰቀልኩት፤ ሶኬት እዚያ የለም፤ እንግዲህ ቤት ነው የሚሞላው። ባትሪው አላበጠም፤ የፊታችን ሰኞ ኮምቦልቻ ጨርቅ ልገዛ ስወርድ ጠጋኙ ጋ አልፋለሁ።

ቀዳዳውን ያጸዳሁት ትናንት እሑድ ጠዋት ቤት ደጃፍ ላይ፣ በፀሐይ ነው። አጠፋሁት፤ የጥርስ መፈልፈያውን በምላጭ አሳሳሁት። ባለቤቴ ስንዴ እየለቀመች አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊ ነው፤ ምስር የሚያህል፣ ተጠቅጥቆ የጠነከረ። ጠጋኙ ውርርዱን በላ ብዬ ላቆም ስል ምላሷ በአንድ በኩል ብቻ መታየቷን አስተዋልኩ። እንደገና ገባሁ። ከሰማያዊው ሥር፣ ከታች፣ መጀመሪያ የገባው ሌላ ነው። ይህኛው ለስላሳ ነው፤ እየተሳበ እንደ ክር ወጣ። ቀይ።

መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ባለቤቴም አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ሰፌዱን አስቀምጣ ገባች፤ ከረጢቱን ይዛ ወጣች፤ ገልብጣ ውስጡን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ጣቷ ላይ ቀይ ብናኝ ቀረ። ምንም አላለችም፤ ከረጢቱን ስንዴው አጠገብ ጣል አድርጋ ለቀማዋን ቀጠለች።

ገመዱ አሁን ቀጭ ብሎ ይገባል። የክር ጥቅሉም ወደ ሥራው ተመልሷል። ቀሚሷን ዛሬ ማታ ሰፍቼ እጨርሳለሁ፤ ጠርዙን ግን ያው ለጎረቤት መላክ አለብኝ።